ያልተፈቀደው ማስታወቂያ፦ ከደሴ ደማም ደርሶ መልስ

ሳዑዲ ደርሶ የመጣ ሰው የሚያወራው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ወርቁን፣ ወይ ዱላውን። እኔ ወርቅም ዱላም አላየሁም። ያየሁት ቢሮ፣ መኪናና የሆስፒታል ኮሪደር ነው። ይህ የማይጥመው ሰው ከዚሁ ይተወው፤ አልቀየመውም።

ሥራዬን በደሴ መነኻሪያ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በሜጋፎን እለፍፋለሁ። የትኋን ዱቄት፣ የአይጥ መርዝ፣ የወገብ ቅባት፣ የጥርስ መድኃኒት፤ ያልጮህሁለት የለም። ፊደል የቆጠርሁት አርባ ዓመቴን ካለፍሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። አሁንም ቢሆን ማስታወቂያ በቃሌ ነው የምለው፤ ወረቀት ሲያዩ ዓይኖቼ ይንቀረፈፋሉ።

ሰይድ የሚባል የሰፈሬ ሰው ደማም ውስጥ መድኃኒት ለሚያስመጣ ኩባንያ ይነዳል። ባለቤቱን አቡ ፈይሰል ይሉታል። ይህ አቡ ፈይሰል የወገብና የራስ ምታት ክኒኑን እዚያ ላሉ ሐበሻ ሠራተኞች በአማርኛ ማስተዋወቅ ፈለገ፤ በየፋርማሲው በርና በስልክ የሚሰማ። ሰይድ የኔን ድምፅ ከስልኩ አሰማው፣ ወደደው። ችግሩ፣ እዚያ አገር የመድኃኒት ማስታወቂያ እንደኛ አፍ እንዳመጣ አይባልም። ጽሑፉ መጀመሪያ ለመንግሥት ይቀርባል። ከተፈቀደ በኋላ ድምፁ ከጽሑፉ ጋር ቃል በቃል ይመሳከራል፤ አንድ ቃል ከበለጠ ወይ ከጎደለ ሥራው ይወድቃል። እኔ ከደሴ ደጋግሜ ቀድቼ ላክሁ፤ በላክሁ ቁጥር ጨምሬበታለሁና በመጣበት ተመለሰ። በመጨረሻ «ሰውየውን ራሱን አምጡት፣ ፊታችን ይቅዳ» አሉ። ቪዛ መጣ።

የሄድሁት ግን ለክኒን አይደለም። ታናሽ እህቴ ዘነበች ኾባር በሰው ቤት ትሠራለች። ውሏ ካለቀ ቆይቷል። ካፊሏ፣ ማለትም ወረቀቷን በእጁ የያዘው አሠሪዋ፣ ኹሩጅ አልሰጥም ብሏል። ኹሩጅ የመውጫ ፈቃድ ነው፤ ያለ እሱ ከዚያ አገር ንቅንቅ የለም። አቡ ፈይሰልና ካፊሏ ደግሞ አንድ መጅሊስ፣ አንድ የእንግዳ ክፍል፣ አብረው የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። «ሥራዬን ጨርስልኝ፤ ያን ቀን እደውልለታለሁ» ብሎ በሰይድ በኩል ቃል ሰጠኝ። እኔ እንኳን አንድ ክኒን፣ ፋርማሲውን በሙሉ እለፍፍለት ነበር።

ቅዳሜ

ገና ሳይነጋ ከደሴ ተነሣሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዓረብ አገር መሄዴን ሲሰማ ኮምቦልቻ ሳንደርስ ምክር ጀመረ። «ዓይን ዓይናቸውን አትይ። በግራ እጅህ አትስጥ። ፈርም ካሉህ አትፈርም።»

«አንተ ሄደህ ታውቃለህ?» አልሁት።

«የአክስቴ ልጅ ሄዳለች» አለኝ። ከዚያም እንቅልፍ ወሰደው።

ሸዋ ሮቢት ላይ በላብ ተጠምቀን ሽሮ በላን። ሙቀት ማለት ይህ ነው ብዬ ተማረርሁ፤ ደማምን አላየሁማ። ጣርማበር ስንወጣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተኛ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ፈለገ። በአንድ ቀን ሁለት አየር ማየት የለመድሁ ሰው፣ አንድ ዓይነት አየር ብቻ ያለበት አገር እንደምሄድ አልገባኝም ነበር።

እሑድ

በአውሮፕላን የቀረበው ዶሮ ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ዳቦውን ብቻ በላሁ። እኔ የምተወው ሥጋና ቅባቱን ነው እንጂ፣ እንደ እህቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳልቀምስ አልውልም።

ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ጉምሩክ ላይ ሻንጣዬን አስከፈቱኝ። ሜጋፎኔን ይዤ ነበር፤ መሣሪያውን ጥሎ ወደ ሥራ የሚሄድ ባለሙያ አለ እንዴ? ወጣቱ ፖሊስ አገላብጦ አየውና አንዱን ቁልፍ ተጫነው። ውስጡ የተቀዳ ነበር። አዳራሹ በሙሉ በኔው ድምፅ «ትኋን! ቁንጫ! በረሮ! ከነዘር ማንዘሩ የሚጠርግ!» እያለ አስተጋባ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ያገሬ ልጆች ሳቁ። ፖሊሱ አልሳቀም፤ አለቃውን ጠራ። እኔም ልረዳቸው ብዬ በዓረብኛ የማውቃትን «ደዋ! ደዋ!» አልሁ፤ መድኃኒት ማለት ነው። ባሰ። ሻንጣዬን እስከ ገበሩ በረበሩት። ለመንገድ የያዝሁትን በሶ አሸተቱት፣ ወሰዱት፣ ብዙ አቆይተው እኔን ለቀው በሶውን አስቀሩት።

ሰይድ ውጪ ቆሞ «የት ቀረህ አንተ ታዴ?» አለኝ።

«በሶዬን ወሰዱት።»

«ዱቄት ይዘህ፣ ደዋ ደዋ እያልህ? ወላሂ፣ አንገትህን ያቆየልህ አላህ ነው!»

ከአየር ማረፊያው እስከ ደማም መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ግራው አሸዋ፣ ቀኙ አሸዋ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ጥምዝምዝ ሾፌር ሁሉ ሲረግመው እሰማለሁ፤ እዚህ ግን ለእርግማን የሚሆን መታጠፊያ እንኳ የለም። «እንዴት እንቅልፍ አይወስዳችሁም?» ስለው ሰይድ «አይወስዳቸውም ያለህ ማን ነው?» አለኝ።

ያረፍሁት አል መዝሩዒያ በሚባል ሰፈር እሱ የተከራያት ክፍል ነው። መስኮቱን የሚያንኳኳው ቀዝቃዛ አየር የሚተፋ ማሽን ነው፤ ሲዘጋ ትፈላለህ፣ ሲከፈት ያደነቁርሃል። ምስር ሠርቶ ጠበቀኝ። ድስቱ አዲስ ነው፤ የፋብሪካው ወረቀት ገና አልተላጠለትም።

«የኔው ሥጋ የነካው ስለሆነ ይህችን ገዛሁልህ» አለ። «በል ጉረስ። እዚህ አገር ፆምህን የሚያውቅልህ እኔ ብቻ ነኝ።»

እኔ ሰው ሲያመሰግነኝም ሳመሰግንም ይከብደኛል። በላሁ፤ ደገምሁ።

ሰኞ

ኩባንያው ቢሮ ውስጥ ዋናዋ ሰው አቡ ፈይሰል አይደለም፤ ዶክተር ኢኽላስ የሚባሉ ሱዳናዊት ፋርማሲስት ናቸው። ማስታወቂያ ሁሉ ወደ መንግሥት የሚሄደው በሳቸው ፊርማ ነው። ነጭ ሻሽ፣ ወፍራም መነጽር፣ የተረጋጋ ድምፅ። ሰይድ እየተረጎመ ተነጋገርን።

«ያድናል ማለት የለም» አሉ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ሕመሙን ያስታግሳል። የተፈቀደው ይህ ነው።»

«ፍቱን ነው ልበላ።»

«የለም።»

«ጉዳት የለውም?»

«በፍጹም! ጉዳት የሌለው መድኃኒት የለም።»

«እሺ፣ እኔ ራሴ ወስጄው ተሻለኝ?»

«ወስደኸዋል?»

«አልወሰድሁም።»

«ብትወስደውም አይቻልም። ተሻለኝ የሚል ምስክር በማስታወቂያ ክልክል ነው። ሐኪምም ሼኽም ቢያሞግሰው ክልክል ነው።»

ወደ ሰይድ ዞሬ «እነዚህ ሰዎች መሸጥ አይፈልጉም እንዴ?» አልሁ። እሱ ሞኝ ተርጉሞላቸው ኖሯል፤ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ብቻ እኔ የሃያ ዓመት ሙያዬን አንድ በአንድ እየነቀሱ የጣሉት መሰለኝ። ደሴ ላይ ጉዳት አለው ብለህ ጩህ እስቲ፤ ማን ይገዛሃል?

ወረቀቱ አጭር ነው። «ጠዋት ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ወገብሽን ካመመሽ፣ ይህ ክኒን ሕመሙን ያስታግስልሻል። ከመውሰድሽ በፊት መግለጫውን አንብቢ። ፋርማሲስት አማክሪ።» ከዚያ የክኒኑ ስምና የፈቃዱ ቁጥር። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። ለዓረቦቹ የተፈቀደው ሥዕል ከዶክተሯ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ሴትዮ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ዳቦና እንቁላል ቀርቦላት፣ ክኒኑን በእጇ ይዛ። እኔ ፆመኛው ያየሁት እንቁላሉን ነው።

መቅጃው ክፍል ገባሁ። በመጀመሪያው ላይ «እናት ዓለም» ብዬ ጀመርሁ፤ ዶክተሯ ከመስታወቱ ወዲያ መዳፋቸውን አነሡ። በሁለተኛው ላይ «ቶሎ ብለሽ» የምትል ሾለከችኝ፤ መዳፍ። ከዚያ በኋላ መዳፋቸው ሳይወርድ ዋለ። አፌ የለመደውን ይላል፤ ምን ላድርገው? አቡ ፈይሰል በመጨረሻ ገብቶ ሰዓቱን እያየ «ረቡዕ» አለ። «ረቡዕ ካልሆነ ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ ሰው።»

ማክሰኞ

ኾባር ሄድን። ከደማም ሩቅ አይደለም። ባሕሩ ዳር መናፈሻ፣ ሕንፃ፣ ምግብ ቤት፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ቪላና አጥር። ደሴ አጥር የሚሠራው ከብት እንዳይገባ ነው፤ ጎረቤት አንገቱን አስግጎ ያዋራሃል። የኾባር አጥር ግን ሰማይ ድረስ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ የምታውቀው ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ ነው።

ማዳሟ፣ የካፊሏ ሚስት፣ ፈቅዳ ዘነበች ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ ድረስ መጣች፤ የቤቱን ሁለት ሕፃናት ይዛ። በስንት ዓመቴ አየኋት።

«ጋሼ! ሸበትህ እኮ!»

«አንቺስ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«ሁዳዴ ነው።»

«ሁዳዴ ሰው ያከሳል እንጂ ከንፈር አያነጣም።»

ሕፃናቱ ቀሚሷን እየጎተቱ በዓረብኛ ይጮሃሉ፤ እሷም በዓረብኛ ትመልሳለች፣ ለኔ በአማርኛ። የካፊሏ እናት አልጋ ላይ ናቸው አለችኝ። ሌላ ሰው ከነካቸው ይጮሃሉ፤ የምታነሣቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታገላብጣቸው እሷ ብቻ ናት። ካፊሏ ኹሩጅ የከለከላት ለዚህ ነው። ወገቧም ያለቀው ለዚህ ነው። ከኪሷ የክኒን ፓኮ አወጣች። ያ ክኒን ነው፤ የኔው።

«ይቺ ባትኖር አልቆምም» አለች። «ጠዋት አሮጊቷን ሳላነሣ በፊት እወስዳለሁ።»

«ምን በልተሽ?»

«ፆም አይደለም እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምውለው። ክኒን ደግሞ ለሕመም ነው፤ ፆም አያፈርስም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሆዴን ግን ያቃጥለኛል ጋሼ። ትናንት ያስመለሰኝ የቡና አተላ ነው የሚመስለው።»

«ለማዳሟ ንገሪያታ!»

«ተናግሬ? ወደ ኤጀንሲ ይመልሱኛል፣ ከዚያ ሌላ ቤት። ወይ ጠፋች ብለው ሁሩብ ያስመዘግቡብኛል፣ ከዚያ እስር ቤት። እኔ አገሬን ነው የምፈልገው። ቅዳልኝና አውጣኝ፤ ሌላ አልፈልግም።»

ትንሹ ልጅ አለቀሰ። አንሥታ አቀፈችው፤ ስታነሣው ፊቷ ተኮማተረ። ሄደች።

ረቡዕ

የማስታወቂያው ነገር በሐሳቤም አልነበረም። ዶክተር ኢኽላስን የጠየቅኋቸው ሐኪም ቤት ሳንከፍል ምክር ላገኝ ብዬ ነው። «ይህ ክኒን ሆድ ያቃጥላል እንዴ?» አልሁ በሰይድ በኩል።

«ባዶ ሆድ ላይ ከሆነ፣ አዎ። ለምን?»

ነገርኋቸው። ጥያቄ አዥጎደጎዱ። ስንት ጊዜ ትወስዳለች? ያስመለሳት ምን ቀለም አለው? ፆሙ ከመቼ እስከ መቼ ነው? ክርስቲያን እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም ሳይቀምስ ለሳምንታት እንደሚውል አያውቁም ነበር፤ ፆማችሁ ሥጋ መተው ብቻ ይመስለኝ ነበር አሉ። ከዚያ ዘወር ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዩ። ቆይተው የአማርኛውን ወረቀት አነሡ።

«እኛ ቃሉን አስተረጎምን» አሉ። «ቁርሱ ግን ሥዕሉ ላይ ነው። ድምፅ ደግሞ ሥዕል የለውም። ጠዋት ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ስንላት፣ ፆመኛዋ ባዶ ሆዷን ትውጠዋለች።»

«እና ምን ይደረጋል?»

«ከምግብ በኋላ የሚል፣ ፆመኛም የሚያስጠነቅቅ ቃል ይጨመራል። ቃል ከተጨመረ ጽሑፉ እንደ አዲስ ለፈቃድ ይገባል። ሌላም አለ፤ ክኒናችን ሰው መጉዳቱን ከሰማን ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታችን ነው። እህትህም ዛሬውኑ ሐኪም ማየት አለባት።»

የኔ ቪዛ ሳምንቱን አያልፍም። አዲስ ፈቃድ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። ቅጂ ከሌለ የአቡ ፈይሰል ስልክ የለም፤ ስልኩ ከሌለ ኹሩጅ የለም። ሪፖርት ከተደረገ ደግሞ ካፊሏ አጋለጠችኝ ብሎ ሁሩብ ያደርጋታል።

አቡ ፈይሰል ንግግራችንን ሰምቶ ገባ። «ይህ ሰው ማስታወቂያ ሊሠራ ነው የመጣ ወይስ ሊያፈርስ? ጽሑፉ ተፈቅዷል! እንደተፈቀደው ይቅዳ!»

«እቀዳለሁ» አልሁ። አላቅማማሁም። የማላውቃቸውን ሴቶች ሆድ ከእህቴ ጋር በሚዛን አላስቀምጥም፤ የሚያስቀምጥ ካለ እሱ እህት የለውም።

መቅጃው ክፍል ገባሁ። የወረቀቱን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ከነፈቃዱ ቁጥር፣ አንዴ ብቻ አነበብሁት። ዶክተሯ መዳፋቸውን አላነሡም። አቡ ፈይሰል አጨበጨበና ስልኩን አወጣ፤ የካፊሏን ቁጥር ሲፈልግ በዓይኔ አየሁት።

«አልፈርምበትም» አሉ ዶክተር ኢኽላስ። «ሪፖርቱንም አሁን ልኬዋለሁ።»

አቡ ፈይሰል ስልኩን ኪሱ ከተተ። በዓረብኛ የተባባሉትን አላውቅም፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን አላነሡም። እኔ አነሣሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ እህቴን ገደልሻት! እንዲያው በወረቀትሽ ታፍነሽ…» ሌላም አልሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ዶክተሯ ወደ ሰይድ አዩ። ሰይድ አንገቱን ደፋ።

«ንገራት እንጂ!» አልሁት።

«ይህን አልተረጉምም» አለ። «ሥራዬን ቢያስለቅቀኝም አልተረጉምም። ተው ታዴ። ለእህትህ ዛሬ ያሰበላት እሷ ብቻ ናት።»

ሐሙስ

ዶክተር ኢኽላስ በጠዋት ካፊሏ ቤት ደወሉ። የመድኃኒቱ ኩባንያ ፋርማሲስት ነኝ፣ ክኒናችንን የወሰደች ሴት ታማለችና ሐኪም ይያት፣ ጉዳዩ ለመንግሥት ተነግሯል አሉ። መንግሥት የሚለውን ስትሰማ ማዳሟ ስልኩን ለባሏ ወረወረችው። ካፊሏ ቀትር ሳይሆን ሆስፒታል አደረሳት። ያን ቀን ብዙ ብትዘገይ ኖሮ አልቆላት ነበር ያለው የሆስፒታሉ ሐኪም ነው፤ ጨጓራዋ ቆስሎ እየደማ ነበር። ደም ሰጧት።

ኮሪደሩ ላይ ከካፊሏ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥን። በሐሳቤ ያነቅሁት ሰውዬ ወፍራም ባለ ዱላ ነበር፤ የመጣው ግን ቀጭን፣ መቁጠሪያውን የሚያፍተለትል፣ ጫማው የተንሻፈፈ ሽማግሌ ነው። ሰይድ በመሀላችን ተቀመጠ።

«እናቴን ማን ያነሣልኛል?» አለ ሽማግሌው። ደጋግሞ ይኸንኑ ነው የሚለው። «ሌላ ሰው ሲነካት ታለቅሳለች። እኔ ስነካት እንኳ ታለቅሳለች።»

«አገር ቤት ያለችውን የኔንስ እናት ማን ያንሣት በለው» አልሁ ለሰይድ። ይህን ተረጎመው። የሽማግሌው መቁጠሪያ ቆመ።

ሐኪሙ ወጥቶ፣ ሰውነቷ እስኪጠና ከባድ ነገር ማንሣት የለም፣ ለወራት መድኃኒትና ክትትል ያስፈልጋታል አለው። ሽማግሌው ሐኪሙን አየ፣ በሩን አየ። ከዚያ «ኸላስ» አለ፤ ለራሱ ነው ያለው።

ስንት ዓመት ለምና፣ አልቅሳ፣ አማላጅ ልካ ያላገኘችውን ኹሩጅ፣ የማታነሣ ሆነች ሲባል እሰጣለሁ አለ። ምሕረት ነው የሚል ካለ ይበል። እኔ አልልም።

ዓርብ

ከተማው ለጁምዓ ዝም አለ። ሰይድ መስጊድ ሄደ፤ እኔ አልጋ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ አፈጠጥሁ። ካፊሏ ሐሳቡን ቢለውጥስ? እናቱ በጠዋት ስሟን ጠርተው ቢያለቅሱስ? ሁሩብ ለማስመዝገብም ኹሩጅ ለመስጠትም ያው አንድ ስልክ ነው፣ ያው አንድ ጣት ነው።

በሩ ተንኳኳ። ዶክተር ኢኽላስ የላኩት ፉል ነው፤ ቅቤም አይብም የለውም፣ በዘይት ብቻ፤ ለፆመኛ ብለው ማለት ነው። ያመጣው ሾፌር ወሬም ይዟል፤ አዲሱ ጽሑፍ ተጽፎ ለፈቃድ ገብቷል፣ ሲፈቀድ አዲስ አበባ ያለ ሌላ አንባቢ ይቀዳዋል። እኔን የሚጠራኝ የለም። ፉሉን ጠርጌ በላሁት። ጥሩ ነበር። ይቅርታ ግን አልላክሁም፤ በልቤ ያልበሰለውን ነገር ማን ተርጉሞ ይነግራቸዋል?

ከሰዓት በኋላ ሰይድ ከመስጊድ ሲመለስ የሱ ስልክ ጮኸ። አነበበው፣ እንደገና አነበበው፣ ከዚያ ለኔ ዘረጋው። ዓረብኛ ነው፤ ለኔ ጭረት ነው።

«ወጥቷል» አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ ኹሩጁ ወጥቷል። ቲኬቱንም ካፊሏ ቆርጧል። ሆስፒታሉም ይለቃታል፤ ካንተ ጋር ነው ነገ።»

ተነሥቼ መስኮቱ ላይ ያለውን ማሽን ዘጋሁት። ጸጥታ ፈለግሁ።

ቅዳሜ

ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ መግቢያው ላይ ቆመን ጠበቅን። የኔ ሰልፍ አጠረ፣ እሷ ግን አልመጣችም። ሰይድ «ሶብር፣ ሶብር» ይለኛል፤ ትዕግሥት ማለቱ ነው። እኔ ትዕግሥት ከደሴ ይዤ አልመጣሁም። እሷ ሳትመጣ አልሳፈርም አልሁት። ቪዛህ ዛሬ ያልቃል አለኝ። ይለቅ አልሁ።

የሽማግሌው መኪና ስትቆም አየሁ። ዘነበች ከኋላ ወረደች፤ ጥቁሩ ልብሷ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ሽማግሌው ራሱ ሻንጣዋን አወረደ፣ ፓስፖርቷን በእጇ ሰጣት። እጇን ያዝ አደረገና ለሰይድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሰይድ ተረጎመው። «ስትድኚ ተመለሽ ይላል። ቦታሽ አለ፣ እናቴ ትጠብቅሻለች ይላል።»

ዘነበች እጇን በቀስታ አስለቀቀች። ያን ሁሉ ዓመት ለዚያ ቤት እሺ ስትል የኖረች ልጅ ናት።

«ማፊ» አለችው። የለም ማለት ነው።

ሻንጣሽን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ጋሪ ጎትታ አመጣች፣ ባዶ የሚመስለውን ሻንጣ ጫነችው፣ ወደ ሰልፉ ቀድማኝ ገባች።